በእርሳስ የጻፍኩት ማስታወሻ

የበደለኝ የክፍላችን ኃላፊ ነው። የበደለኝ ቀን ማክሰኞ ነበር፤ ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለበት ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ። ስሙን አልጽፍም። ለእሱ አስቤ አይደለም፤ ልጆቹ ምንም ስላላደረጉኝ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም «ዶክተር» ነበር የምንለው፤ እዚህም እንደዚያው ልበለው። የሥራ ዘመኔን ሙሉ «እርስዎ» ያልኩትን ሰው እዚህ ላይ «እሱ» ማለቴ ቅር የሚያሰኘው አንባቢ ካለ፣ ከዚህ በላይ ባያነብ ይሻላል።

ሥራዬ መሬት ውስጥ ያለውን ድንጋይ ሳያዩ ማንበብ ነበር። ለሰበታ ጎረቤቶቼ ይህን ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። አንዷ ባየችኝ ቁጥር «ታዲያ ወርቁን አገኛችሁት?» ትለኛለች። ሌላዋ ጡረታ የወጣሁት ከመንገድ ሥራ ይመስላታል። እነሱ ባያውቁ አልተቸገርኩም። እዚህ ግን ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የተደረገብኝ ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል። ትንሽ አይደለም።

ቆላው ላይ፣ ሰው በማይበዛበት ሜዳ፣ አንድ ከባድ መኪና ቆሞ መሬቱን ያንቀጠቅጣል። ንዝረቱ ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ዓይነት ድንጋይ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ሁሉ ከፊሉ እየነጠረ ወደ ላይ ይመለሳል። ሜዳው ላይ በመስመር የተተከሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ይቀበሉታል። ቢሮ ሲደርስ ሞገድ በሞገድ ላይ የተደረደረበት ረጅም ሥዕል ይሆናል። ላልለመደው ሰው የተጨማደደ ጥልፍ ነው የሚመስለው። እኛ ግን ከያንዳንዱ ሞገድ ውስጥ ባሕርያቱን እናወጣ ነበር። በጉልበት ነው የተመለሰው ወይስ በድካም? ፈጣን ነው ወይስ ዝግ ያለ? ከጎኑ ካለው ጋር ይመሳሰላል ወይስ ድንገት ይለያል? ድንገት ከተለየ ድንጋዩ እዚያ ላይ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በጉልበት የተመለሰበት ቦታ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚጓጓለት ነው፤ ጋዝ ያዘለ አሸዋማ ድንጋይ ስለሚለሰልስ ሞገዱን በኃይል ይመልሳል። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለውን ቦታ በቀይ ያሳየናል፤ እኛ «ብሩህ ቦታ» እንለዋለን።

ችግሩ ሌላም ነገር ቀይ ይሆናል። ጥንት እሳተ ገሞራ በንብርብሮቹ መሃል ያስገባው ድፍን ጥቁር ድንጋይም ሞገዱን በኃይል ነው የሚመልሰው። ጉልበቱን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አይለይም። የሚለዩት በአቅጣጫ ነው። ከለስላሳው የሚመለሰው ሞገድ በአንድ በኩል ይጀምራል፤ ከጠጣሩ የሚመለሰው በተቃራኒው ይጀምራል። አቅጣጫውን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀይ ቀለም ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃል። ዶክተር ቀይ ቀለም ይወድ ነበር።

ቢሮአችን ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ተርጓሚ በእርሳስ ይጽፋል፣ ኃላፊ በቀለም። ተርጓሚ የምንባለው ሞገዱን ወደ ድንጋይ የምንመልሰው እኛ ነበርን። ካርታ የሚያትመው ትልቁ ማሽን ተበላሽቶ ለዓመታት ተሸፍኖ ስለቆመ፣ ስስ ብርድ ልብስ በሚያህል ግልጽ የፕላስቲክ ወረቀት ላይ ካርታችንን በእርሳስ እንሠራ ነበር። ኃላፊው አይቶ ያርማል። ከዚያ ካርታ ሳዪዋ በሌላ ወረቀት ላይ በቀለም ትገለብጠዋለች። በቀለሙ ላይ የሚፈርመው ኃላፊው ብቻ ነው። የእርሳሱ ይጣላል። ልማዱን ማን እንዳመጣው አላውቅም። ስቀጠር አገኘሁት፤ ሳልጠይቅ ለመድኩት። ጥፋት አለብሽ ከተባልኩ ይህንን አምናለሁ። ሌላ አላምንም።

የተበደልኩበትን ካርታ ስሠራ ወራት ፈጅቶብኛል። ካርታው የተሠራባቸው የቀረጻ መስመሮች የሁለት ዘመን ነበሩ። አንዱን ክፍል እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ የውጭ ሰዎች የቀረጹት ነው፤ ሌላው አዲስ ነበር። ቀዩ ቦታ የወጣው በድሮዎቹ ላይ ብቻ ነው። ይህ ነው እረፍት የነሳኝ። ከቀዩ በታች፣ ጠልቆ፣ አንድ የኖራ ድንጋይ ንብርብር አለ። ጠጣር እንደሆነ በእርግጥ እናውቃለን፤ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ድሮ የተቆፈረ ጉድጓድ በስቶት አልፏል። በአዲሶቹ መስመሮች ላይ ያንን ንብርብር ስከተለው ሥዕሉ ላይ ጥቁር ነው፤ በኛ ደንብ ጠጣር ማለት ነው። ወደ ድሮዎቹ ስሻገር ያው ንብርብር ነጭ፣ ማለትም ለስላሳ ይሆናል። መጀመሪያ ዓይኔ የደከመ መሰለኝ። አምስት ቦታ ላይ አየሁት፤ አምስቱም ያው ነው። ድንጋዩ መስመር ሲቀየር አልለሰለሰም። የተቀየረው የቀረጹት ሰዎች ደንብ ነው። የድሮዎቹ መስመሮች በሙሉ ከኛ ደንብ አንጻር የተገለበጡ ነበሩ። ስለዚህ ቀዩ ቦታ ለስላሳ መስሎ የታየን ጠጣር ስለሆነ ነው።

በዚህ ብቻ አልተውኩትም። ጋዝ ያለበት ቦታ ከሥሩ ያሉትን ሞገዶች አብዛኛውን ጊዜ ያደክማቸዋል፤ ዝግ ይላሉ። እዚህ ምንም አልደከሙም። ደግሞም የቀዩ ጠርዝ ንብርብሩን ተከትሎ አልተኛም፤ እንደ ሳህን ከንፈር ወደ ላይ ታጥፎ ሌሎቹን ንብርብሮች ይቆርጣል። አሸዋ እንዲህ አይተኛም። ቀልጦ የገባ ድንጋይ ነው እንዲህ የሚሆነው። ከደቡብ በኩል አንድ ደብዘዝ ያለ ቦታ ነበር፤ ቀይ አይደለም፣ ግን ሞገዶቹ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ወደ አሸዋ ያደሉ ነበር። ይህንን ሁሉ በካርታዬ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። «የድሮዎቹ መስመሮች የተገለበጡ ናቸው። ብሩሁ ቦታ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጋዝ ነው ተብሎ አይቆፈር። ደቡቡ ይታይ።» ቃል በቃል ይህ ነው። ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ካርታውን ይዤ ገባሁ። ሁለት ተርጓሚዎችና ካርታ ሳዪዋ ጠረጴዛውን ከበው ነበር። ዶክተር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ጠርዙ ላይ የሞላሽው ምንድን ነው?»

«ማስታወሻ ነው፣ ዶክተር። የድሮዎቹ መስመሮች የተገለበጡ ናቸው።»

«ማን ገለበጣቸው?»

«የቀረጿቸው ሰዎች። የነሱ ደንብ ከኛ ተቃራኒ ነበር። ቀዩ ጋዝ አይደለም።»

«አንቺ መቼም መጥፎ ወሬ ሳትይዢ መጥተሽ አታውቂም።» ቀና ብሎ ሌሎቹን አየ። «ሐሙስ ከበላይ ሰዎች ፊት እቀርባለሁ። ምን ልበላቸው? ጥቁር ድንጋይ አገኘንላችሁ? ጥቁር ድንጋይማ ሰበታ ደጃፏ ላይ ሞልቷል፤ ቆላ ድረስ ምን አስወረደን?»

ሳቁ። ሳዪዋም ሳቀች። ከዚያ ዞር ብሎ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ «ስትገለብጪ ይሄን ጽሑፍ ተዪው። ካርታ ያቆሽሻል። ስትጨርሺ ወረቀቱን ጣዪው» አላት።

«እሺ ዶክተር» አለች።

በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ማስታወሻው ካልገባ ቢያንስ ይናገርልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። «በቃል እነግራቸዋለሁ» አለኝ፤ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን እንኳን አላነሳም። ሐሙስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። በቃል አልነገራቸውም። እንዳልነገራቸው ያወቅኩት ሲመለስ በነበረው ፊት ነው።

ጉድጓዱ በሚቀጥለው ዓመት ተቆፈረ። መሰርሰሪያው ቀዩ ቦታ ላይ ሲደርስ መሄድ እምቢ አለ። ጥርሱ እየተበላ ተቀየረ፣ እንደገና ተበላ። ከታች የወጣው የድንጋይ ፍርፋሪ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ ቢሮ መጣ። ከፍቼ መዳፌ ላይ አፈሰስኩት። ጥቁር፣ ድፍን፣ ከባድ። ደስ አላለኝም። ደስ ብሏት ነበር ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ ዋሽተዋል። የተሰማኝ፣ ልክ የሆንኩበትን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው እንደሌለ ነው።

የመጨረሻው ሪፖርት ሲታሰር ከካርታው ሥር አዲስ መስመር ተጨምሮ አገኘሁ። «ተርጓሚ» ይላል፤ ከፊቱ ሙሉ ስሜ። በቀለም። በዚያ ቢሮ የተርጓሚ ስም በቀለም ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ስብሰባ ላይ ዶክተር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳዘነ ሰው፣ «እኛ የሄድነው ተርጓሚዋ ያቀረበችውን ተቀብለን ነው» አለ። ተነሥቼ የእርሳሱ ወረቀት ይምጣ አልኩ። ሁሉም ወደ ሳዪዋ ዞረ።

«ጣልኩት» አለች።

ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ብናገርም የምናገረው ስለሌለ ወረቀት ነው።

የድሮ ቀረጻዎች ወደሚቀመጡበት የቴፕ መጋዘን ተዛወርኩ። ቅጣት አልተባለም፤ «ልምድ ያለው ሰው ያስፈልገዋል» ተባለ። መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ የድሮ ፊልም ሲበላሽ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ሽታው ልብስ ውስጥ ይገባል። በሰርቪሱ ወደ ሰበታ ስመለስ አጠገቤ መቀመጥ የሚሸሹ ነበሩ። ከዓመት ዓመት ቴፖቹን ዘረዘርኩ። በየሳጥኑ ላይ ያ ቀረጻ በየትኛው ደንብ እንደተሠራ ጻፍኩ፤ የተገለበጠውን የተገለበጠ፣ ቀናውን ቀና። በቀለም። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላነበበውም።

አንድ ጊዜ አዳዲስ ተቀጣሪዎችን መጋዘኑን ሲያስጎበኙ አሠልጣኙ ያንን ሪፖርት ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። «ይሄ በደንብ እንድታዩት የምፈልገው ነው» አላቸው። «ብሩህ ቦታ ሲያይ አቅጣጫውን ሳያጣራ ጋዝ ነው የሚል ተርጓሚ አገርን እንዲህ ያከስራል።» የኔው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የኔው ስም ላይ ጣቱን አድርጎ። እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ መጋዘን ጠባቂ መስዬዋለሁ። እኔም አልነገርኩትም። አንዷ ልጅ ስሜን በማስታወሻዋ ላይ ስትጽፍ አየኋት። ጡረታ የወጣሁት ያንን ይዤ ነው። ማጣት የፈራሁት ሥራ አልነበረም፤ ሥራውንማ ወስደውታል። ስሜ እዚያ መደርደሪያ ላይ እኔ ያላልኩትን እየተናገረ መቅረቱ ነው።

ሳዪዋ የምትኖረው ቡራዩ ነው። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። እናቷ ማረፋቸውን ስሰማ ግን ሄድኩ፤ እናትየው የዋህ ሰው ነበሩ፣ ቢሮ ድረስ ቆሎ ይልኩልን ነበር። ሦስተኛው ቀን ስለነበር ሰው ቀንሷል። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ሴቶቹ ጓዳ ሳህን እያጠቡ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስለማልወድ የታጠበውን እየተቀበልኩ መደርደሪያ ላይ መመለስ ጀመርኩ።

ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሳህኖቹ ሥር፣ የተነጠፈ ግልጽ ፕላስቲክ ነበር። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ። ሳህኖቹን አንድ በአንድ አነሣኋቸው። «...ጋዝ ነው ተብሎ አይቆፈር።» የድስት ቂጥ ክብ አሻራ አርፎበት፣ ዘይት ጠጥቶ፣ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

ሳዪዋ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ጥቁር ልብሷ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«የቱን፣ እትዬ?» ከዚያ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጣልኩት ነበር ያልሽው።»

«ጣዪው አሉኝ፣ እኔም ከቢሮ አወጣሁት። ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያርሰውም፣ አሳዘነኝ። እማዬ መደርደሪያ አለበሰችበት።» ድምፅዋ ቀጠነ። «መጣል አይደለም እንዴ?»

«ስብሰባው ላይ ስጠይቅሽስ?»

«ስብሰባው ላይማ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።»

«እኔም ፊትሽ ቆሜ ነበር።»

አንዲት ጎረቤት እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጥታ በትከሻችን መሃል አንገቷን አሰገገች። «ካርታ ነው? የይዞታ ካርታ ነው እንዳትሉኝ ብቻ። አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ለዚህ ወረቀት ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ያረጃል፣ አንቺ ሳህን ታስቀምጪበታለሽ?»

«የይዞታ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«የስም።»

አልገባትም፤ ትታን ሄደች። ወረቀቱን ጠቅልዬ በነጠላዬ አሰርኩት። ሳዪዋ አልከለከለችኝም። ከለቅሶ ቤት ዕቃ ይዞ መውጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ያዩኝ ሁሉ አዩኝ። ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ሰበታ እስክገባ ድረስ ጥቅሉን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም፤ አንዱ ረዳት «እናቴ፣ ቧንቧው ይከፈልበታል» እያለ ሲቀልድብኝም ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

ሳዪዋ ለዶክተር ደውላ ነገረችው። ለምን እንደነገረችው በኋላ ስጠይቃት «ፈራሁ» አለችኝ። ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን፤ ምኑን እንደምትፈራ እግዜር ይወቅ። ወር ሳይሞላ ሽማግሌ መጣብኝ። ሁለት ናቸው። አንዱ በዚያን ዕለት ጠረጴዛውን ከብበው ከሳቁት ተርጓሚዎች አንዱ ነው። ሁለተኛው ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት ኦቦ ይላቸዋል። ዶክተር በብልሃት ነው የመረጠው። የድሮ ባልደረባዬን በር እዘጋበት ነበር፤ በኦቦ ላይ ግን አልዘጋም።

«አካም ጅርታ፣ አዴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ ኦቦ፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እየተቀመጡ። «እኔ ነገሩን አላውቀውም። ና ሽማግሌ ሁን አሉኝ፣ መጣሁ። ሰውየው ሱሉልታ ታሞ ተኝቷል። ልታረቅ ይላል። ምን ወሰደብሽ?»

«ጽሑፌን አስጠፋብኝ፤ ከዚያ ጥፋቱን በስሜ ጻፈው።»

«ያ እኮ ድሮ ነው» አለ ባልደረባዬ። «ሁላችንም አርጅተናል። እሱም ወረቀቱን ብትተዪለት ደስ ይለዋል።»

«አንተ ያኔ እንደሳቅህ ዛሬም ሳቅ። ኦቦ ይጠይቁኝ።»

ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ቢያደርግልሽ ነው የምትታረቂው?»

«ይጻፈው። ማስታወሻውን እኔ ነኝ ያስቀረሁት ብሎ፣ በእጁ፣ በቀለም። ከዚያ ይፈርም።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አሉ ኦቦ። ቀላል ነው ብለው ከልባቸው አምነው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ሱሉልታ ሄድን። ነፋሱ አጥንት ይገባል። ዶክተር ሳሎኑ ውስጥ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር ተቀምጧል። ከስቷል፤ አንገቱ የሸሚዙን ኮሌታ አልሞላውም። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የተገጠመ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የብረት ቆብ አድርጎ ከቁፋሮው ማማ ሥር ይስቃል። ያው ጉድጓድ ነው። ገና ቁፋሮው ሲጀመር የተነሣው ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሳይደርሱ።

ብርቱካን ቀረበ። አንዱን አንሥቶ በትንሽ ቢላ መላጥ ጀመረ፤ ሲያወራ እጁን አያየውም።

«መጣሽ» አለኝ። «አትመጪም ብዬ ነበር።»

«እንደታመሙ ሰማሁ።»

እርስዎ አልኩት። አንተ ልለው ከሰበታ ጀምሮ ስለማመድ ነው የመጣሁት። ምላሴ እምቢ አለ። አሁንም ሳስበው ምላሴ ላይ እናደዳለሁ።

«እንግዲህ ሽማግሌ ባለበት» አለ፣ «ከተበደልሽ ይቅርታ።»

«‹ከተበደልሽ› የምትለዋ ትውጣ።»

«ያኔ ሁላችንም ነው የተሳሳትነው። ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ። ጽፌዋለሁ።»

«ግምት ነበር።»

«የርስዎም ግምት ነበር። የኔ ግምት ተጣለ፤ የርስዎ ተቆፈረ።»

ባልደረባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ዶክተር ልጣጩን ሳያቋርጥ አወረደው፤ አንድ ረጅም ጥምዝ ሆኖ ጭኑ ላይ ወደቀ። «ወረቀቱን እዚህ ተዪው» አለኝ ለስለስ ብሎ። «ልጆቼ በሌላ ዓይን እንዲያዩኝ አልፈልግም። ይቅርታ ብዬሻለሁ፣ ምን ቀረ?»

ከቦርሳዬ አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ከብርቱካኑ ጎን አስቀመጥኩለት። «ሁለት መስመር ይበቃል» አልኩት።

እስክሪብቶውን አየው። ከዚያ እጁን አንሥቶ አሳየን። «እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ። «ካመመኝ ጀምሮ መጻፍ አልችልም።»

ኦቦ ጭኑ ላይ ያለውን ልጣጭ አዩት። ባልደረባዬ «በአፍ ከተባለ ይበቃል፣ ሽማግሌ ሰምቷል» አለ። እኔ እስክሪብቶዬን ከደንኩት፤ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ። «በቃልማ ያኔም እነግራቸዋለሁ ብለውኝ ነበር» አልኩና ተነሣሁ። ቆዩ ያለን ሰው የለም፤ ኦቦም ተከትለውኝ ወጡ።

ሰበታ ልንገባ ስንል ኦቦ ብቻቸውን እንደሚያወሩ ሰው፣ «ብርቱካኑንስ አሳምሮ ልጦታል» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡራዩ ሄድኩ። ያንኑ ነጭ ወረቀት ሳዪዋ ፊት አስቀመጥኩት።

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

«የሆነውን። ማን ምን እንዳለሽ፣ አንቺም ምን እንዳደረግሽ።»

ስድስት መስመር ጻፈች። ካርታ ላይ በምትጽፍበት በዚያ በተለቀመ፣ ቀጥ ባለ ፊደል ነው የጻፈችው፤ እያለቀሰችም ፊደሏ አልተበላሸም። ፈረመችበት። መደርደሪያዋ ላይ አሁን ጋዜጣ አንጥፋለች።

«አሁንስ ይቅር አልሽኝ?» አለችኝ።

«አላልኩሽም» አልኳት፤ ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። የእርሳሱን ካርታ፣ የሳዪዋን ስድስት መስመርና አንድ ገጽ ደብዳቤ አስገባሁ። ዘይቱን አላጸዳሁትም፤ የእርሳሱን ጽሑፍም በቀለም አልደገምኩትም። ሦስቱም ከሪፖርቱ ጋር በአንድ አቃፊ እንዲቀመጡ ጠየቅኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁጥር ሰጠቻቸው። ደብዳቤዬ ላይ የፈረምኩት በቀለም ነው። ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ተቀብዬ ወጣሁ። ደቡቡን ቦታ እስካሁን ማንም አልቆፈረውም።

ዶክተር ከፋሲካ በኋላ ሞተ። ኦቦ ጠዋት በሬን አንኳኩተው አብረን ለቅሶ እንሂድ አሉኝ። አልሄድም አልኳቸው። እሳቸው ሄዱ። እኔ ጓሮዬን ቆፍሬ ጎመን ተከልኩ።